የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌን በአግባቡ መጠቀም፦ ከመጀመሪያው ምክክር እስከ ማቋረጥ

በኢትዮጵያ ዘመናዊ የወሊድ መከላከያ ከሚጠቀሙ ባለትዳር ሴቶች አብዛኞቹ የሚወስዱት መርፌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው ከባለትዳር ሴቶች 27 በመቶ ያህሉ የመርፌ ተጠቃሚዎች ነበሩ፤ በክንድ የሚቀበረው፣ የሚዋጠው እንክብልና በማሕፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ ተደምረው እንኳ ወደዚህ ቁጥር አይጠጉም። መርፌው በከተማ ጤና ጣቢያ ብቻ ሳይሆን በገጠር ጤና ኬላም በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች እጅ ይሰጣል፤ በመንግሥት ጤና ተቋማትም ክፍያ አይጠየቅበትም። በየቀኑ የሚታወስ ነገር የለውም፤ ቤት ውስጥ የሚቀመጥና ሰው የሚያየው ነገርም የለውም።

ይሁንና ብዙ ሴቶች ከወረፋው ገብተው የሚወጡት «ከሦስት ወር በኋላ ተመለሽ» ከሚል አንድ ቃል በቀር ምንም ሳይነገራቸው ነው። ይህ አይበቃም። ቀጠሮውን ሳያዛንፉ ከሚወስዱት 1,000 ሴቶች በመጀመሪያው ዓመት የሚያረግዙት 2 ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ በተለመደው አወሳሰድ ግን ከ100 ሴቶች 4 ያህሉ ያረግዛሉ። ልዩነቱ የሚመጣው በዋናነት ከቀጠሮ መዘግየት ነው። ሌሎች ደግሞ የወር አበባቸው ሲዛባ ይደነግጡና ሌላ መከላከያ ሳይተኩ ያቋርጣሉ። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከሁሉም በላይ የሚያተኩረው በእነዚህ በሁለቱ፣ በቀን አቆጣጠርና በወር አበባ መዛባት ላይ ነው፤ የቀረውን በየተራው እንመለከታለን።

አንደኛ፦ የሚወስዱት የትኛው መርፌ እንደሆነ ይወቁ

በአገራችን በብዛት የሚሰጠው በተለምዶ «ዲፖ» የሚባለው መርፌ ነው። በውስጡ 150 ሚሊግራም ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን የተባለ፣ የሴት አካል ራሱ ከሚያመነጨው ፕሮጄስትሮን ጋር የሚመሳሰል ሆርሞን ይዟል፤ የሚወጋውም ጡንቻ ውስጥ ሆኖ ለሦስት ወር ያገለግላል። ይኸው መድኃኒት 104 ሚሊግራም ሆኖ ከቆዳ ሥር የሚወጋ፣ ሳያና ፕሬስ የሚባል ዓይነትም አለው፤ የሚያገለግልበት ጊዜ እኩል ነው። ኖሪስቴራት በሚል ስም የሚታወቀው ሌላው መርፌ ግን የሚሠራው ለሁለት ወር ነው። የመርፌውን ስም ሳያውቁ ቀጠሮ መቁጠር ስለማይቻል፣ ስሙና የተወጉበት ቀን በካርድዎ ላይ መጻፉን አይተው ይውጡ።

ሁሉም በአንድ መንገድ ይሠራሉ፤ እንቁላል በየወሩ እንዳይወጣ ያደርጋሉ፣ የማሕፀን በር ፈሳሽንም ስለሚያወፍሩት የወንድ ዘር በቀላሉ አያልፍም። ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ስለሌለባቸውም ለሚያጠቡ እናቶች ይስማማሉ፤ የጡት ወተትንም አይቀንሱም። ከኤችአይቪና ከሌሎች የአባላዘር በሽታዎች ግን ምንም መከላከያ አይሆኑም፤ ለዚያ ኮንዶም ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፦ መርፌው ለእርስዎ ይስማማ እንደሆነ ይመርመሩ

ወልደው የማያውቁ፣ ያላገቡ፣ ኤችአይቪ በደማቸው የሚገኝ፣ ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ወይም የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስዱ ሴቶች መርፌውን መጠቀም ይችላሉ። «ልጅ ያልወለደች ከወሰደች ትመክናለች» የሚለው ወሬ መሠረት የለውም። አገልግሎቱን ለማግኘት የባል ፈቃድ አያስፈልግም፤ ከባል ጋር ተማክሮ መወሰን ጥሩ ቢሆንም፣ ይህን የማታደርግበት በቂ ምክንያት ያላት ሴት ምክንያቷን ለባለሙያው ማስረዳት አይጠበቅባትም።

ከዚህ በታች ካሉት አንዱ ካለብዎ ግን ሳይሸሽጉ ለባለሙያው ይንገሩ፦ የጡት ካንሰር ነበረብኝ ወይም አለብኝ፤ የደም ግፊቴ 160/100 ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ የልብ ድካም ወይም ስትሮክ አጋጥሞኛል፤ በእግሬ ወይም በሳንባዬ የረጋ ደም አለ፤ ከባድ የጉበት በሽታ አለብኝ፤ የስኳር በሽታ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶብኛል ወይም ዓይኔንና ኩላሊቴን ጎድቶታል፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም ከማሕፀን ይፈስሰኛል። እነዚህ ላሉባት ሴት ብዙውን ጊዜ ሌላ መከላከያ ይመረጥላታል። የደም ግፊት ሳይለካ መርፌ ሊሰጥዎ ከሆነ፣ መለኪያው ካለ እንዲለካልዎ ይጠይቁ።

ሜኒንጂዮማ የሚባል የአንጎል ሽፋን እጢ የነበረባት ሴትም መርፌውን መውሰድ የለባትም። እ.ኤ.አ. በ2024 በፈረንሳይ የወጣ ጥናት፣ መርፌውን ከአንድ ዓመት በላይ መውሰድ ከዚህ እጢ ጋር ግንኙነት እንዳለው አሳይቷል። እጢው ራሱ እምብዛም የማይገጥም ስለሆነ ይህ ለብዙዎች ማቋረጫ ምክንያት አይሆንም፤ ሆኖም የማይለቅ አዲስ ራስ ምታት ወይም የዕይታ ለውጥ ቢገጥምዎ መርፌውን እንደሚወስዱ ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል።

ስለ አጥንትም ብዙ ይወራል። መርፌው በሚወሰድበት ጊዜ የአጥንት ጥግግት በጥቂቱ ይቀንሳል፤ ሲቋረጥ ደግሞ መልሶ ያገግማል። ከ18 ዓመት በታች የሆኑና ከ45 ዓመት ያለፉ ሴቶች ይህንን ከባለሙያ ጋር ተነጋግረው ቢወስኑ ይመረጣል እንጂ የተከለከሉ አይደሉም። መርፌው ለኤችአይቪ ያጋልጣል የሚለው የቆየ ሥጋት ደግሞ በኬንያ፣ በዛምቢያ፣ በደቡብ አፍሪካና በኤስዋቲኒ ከ7,800 በላይ ሴቶች በተሳተፉበት፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ጥናት ተፈትሿል፤ መርፌውን በወሰዱትና ሉፕ ወይም በክንድ የሚቀበረውን በተጠቀሙት መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም።

ሦስተኛ፦ የሚጀምሩበትን ቀን ይምረጡ

የወር አበባዎ ከጀመረ በ7 ቀን ውስጥ ከተወጉ መርፌው ወዲያውኑ ይሠራል፤ ተጨማሪ መከላከያም አያስፈልግዎትም። እርጉዝ አለመሆንዎ እስከታመነ ድረስ በሌላ በማንኛውም ቀን መጀመር ይቻላል፤ ነገር ግን ለቀጣዮቹ 7 ቀናት ኮንዶም መጠቀም ወይም ከግንኙነት መታቀብ ግድ ነው። «የወር አበባሽ ሲመጣ ተመለሺ» ተብላ የምትሸኝ ሴት ብዙውን ጊዜ የምትመለሰው አርግዛ ስለሆነ፣ ባለሙያው በጥያቄዎች ብቻ እርግዝና አለመኖሩን ማረጋገጥ እንደሚችል ማወቅዎ ይጠቅማል፦ ከመጨረሻው የወር አበባዎ ወዲህ ግንኙነት አላደረጉም? ከወለዱ 4 ሳምንት አልሞላም? በ7 ቀን ውስጥ ውርጃ አጋጥሞዎታል? ሕፃኑ ከ6 ወር በታች ሆኖ ጡት ብቻ እየጠባ፣ የወር አበባዎም ገና አልመጣም? ሌላ አስተማማኝ መከላከያ ሳያቋርጡ ሲጠቀሙ ቆይተዋል? ከእነዚህ ለአንዱ «አዎ» ካሉና የእርግዝና ምልክት ከሌለ በዚያው ቀን መርፌውን መውሰድ ይችላሉ።

የሚያጠባ እናት ከወለደች 6 ሳምንት እስኪሞላት እንድትጠብቅ ይመከራል። ይህ ሕፃኑ «የ45 ቀን» የሚባለውን ክትባት ከሚወስድበት ጊዜ ጋር ስለሚገጥም፣ በአንድ ጉዞ ሁለቱንም መጨረስ ይቻላል። የማታጠባ እናት እንደ ወለደች መጀመር ትችላለች። ውርጃ ላጋጠማትም በዚያው ዕለት መጀመር ተገቢ ነው።

አራተኛ፦ በሚወጉበት ዕለት የሚደረገውን ይከታተሉ

ጥሩ ባለሙያ ሲጠየቅ አይከፋም፤ ስለዚህ ዐይንዎን ከእጁ አያንሡ። ብልቃጡ ሲቀመጥ መድኃኒቱ እንደ ነጭ ደለል ከታች ይዘቅጣል፤ ከላይ ያለው ውሃ ይመስላል። ሳይነቀነቅ ከተቀዳ የሚገባልዎት መድኃኒት ሙሉ ላይሆን ይችላል። ብልቃጡ ተነቅንቆ ሁሉም እንደ ወተት እኩል ሲነጣ ነው ወደ ሲሪንጅ መሳብ ያለበት። የመጠቀሚያው ጊዜ አለማለፉን፣ መርፌውና ሲሪንጁ ከታሸገ አዲስ ከረጢት መውጣታቸውን ይመልከቱ።

መርፌው የሚሰጠው በክንድ የላይኛው ጡንቻ ወይም በዳሌ ነው። ከተወጉ በኋላ ቦታውን አይሹት፤ ትኩስ ነገርም አያድርጉበት። ማሸት መድኃኒቱ ቀስ በቀስ እንዲለቀቅ ከታሰበው ይልቅ በፍጥነት እንዲመጠጥ ስለሚያደርገው የሚያገለግልበትን ጊዜ ሊያሳጥረው ይችላል። ሕመም ሲሰማ እጅ ሳይታወቀው ወደዚያ ስለሚሄድ ይህንን ልብ ብሎ መቆጣጠር ይገባል።

አምስተኛ፦ ቀጠሮውን በሳምንት ይቁጠሩ

ሦስት ወር የሚባለው በትክክል ሲቆጠር 13 ሳምንት፣ ማለትም 91 ቀን ነው። የእኛ ወራት እያንዳንዳቸው 30 ቀን ስለሆኑ አቆጣጠሩ ቀላል ነው፤ ከሦስት ወር በኋላ ባለው ተመሳሳይ ቀን ላይ አንድ ቀን ይጨምሩ። መስከረም 10 የተወጋች ሴት ቀጠሮዋ ታኅሣሥ 11 ይሆናል። ጳጉሜን በመሐል ከገባች ግን ነገሩ ይለያል። ሐምሌ 15 የተወጋች ሴት ቀጠሮዋ ጥቅምት 11 ሲሆን፣ ጳጉሜንን ዘንግታ ጥቅምት 15 ብትሄድ 95 ቀን ይሞላታል። አራት ቀን ብቻውን አደጋ አያመጣም፤ ሆኖም በዚያ ላይ የበዓል ሰሞን፣ ሠርግ ወይም ሐዘን ከተደረበ ቀናቱ ሳይታወቁ ይበዛሉ።

ከዚህም የሚቀል መንገድ አለ። ማክሰኞ ከተወጉ፣ የሚመለሱት ከዚያ ወዲህ በሚመጣው በ13ኛው ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ የገበያ ቀን ከሆነ መንገዱም አብሮ ይገጥማል። የቀን መቁጠሪያ ያላት ሴት በየሳምንቱ ምልክት ታድርግ፤ ስልክ ያላት ደግሞ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ የሚያስታውሳት ማንቂያ ትሙላ። ካርዱ ቤት ውስጥ እንዳይታይባት የምትሻ ሴት በጤና ኬላው እንዲቀመጥላት መጠየቅ ትችላለች፤ ቀኑን ግን በራሷ መንገድ መያዝ አለባት።

ቀጠሮው ላይ ላይመቸኝ ይችላል ብለው ካሰቡ ከመዘግየት ይልቅ ቀድሞ መሄድ ይሻላል፤ መርፌውን እስከ 2 ሳምንት ቀደም ብሎ መውሰድ ይቻላል። እርሻ የሚበዛበት ወቅት፣ ረጅም ጉዞ ወይም የመንገድ መዘጋት ሲታሰብ ይህ ብዙ ይረዳል።

ስድስተኛ፦ ቢዘገዩ ምን ያደርጋሉ?

የሦስት ወሩን መርፌ ከቀጠሮው እስከ 4 ሳምንት ዘግይተው ቢመጡም ያለ ተጨማሪ መከላከያ ሊወስዱት ይችላሉ። የሁለት ወሩን ግን ከ2 ሳምንት በላይ ማዘግየት አይቻልም። ይህ ለክፉ ቀን የተቀመጠ መጠባበቂያ እንጂ አዲስ ቀጠሮ አይደለም፤ ሁልጊዜ በአራተኛው ሳምንት የምትመጣ ሴት አንድ ቀን ማለፏ አይቀርም።

ከ4 ሳምንት በላይ ካለፈ፣ «አልፎኛል፣ ይቆጡኛል» ብለው አይቅሩ። ቀጠሮው ካለፈ ወዲህ ግንኙነት ካላደረጉ ወይም ኮንዶም ከተጠቀሙ መርፌውን ወስደው ለ7 ቀን ተጨማሪ መከላከያ ይጠቀማሉ። ያለ መከላከያ ግንኙነት አድርገው ገና 5 ቀን ካልሞላው «ፖስት ፒል» የሚባለው የድንገተኛ መከላከያ እንክብል አለ፤ በቶሎ ሲወሰድ የበለጠ ይሠራል። ከዚያም ካለፈ የእርግዝና ምርመራ ይደረግልዎታል፤ ውጤቱ እስኪለይ ኮንዶም ይጠቀሙ። ሳይታወቅ በእርግዝና ላይ የተወሰደ መርፌ ጽንሱን እንደማይጎዳም ይወቁ፤ በዚህ የተነሣ መጨነቅ አይገባም።

ሰባተኛ፦ የወር አበባ ለውጡን ከመምጣቱ በፊት ይወቁት

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ያደናግራሉ። ደም ባልታሰበ ቀን ብቅ ይላል፣ ጠብታ እያለ ለሳምንታት ይቆያል፣ ወይም ከወትሮው ረዘም ይላል። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን መርፌ ከወሰዱ በኋላ ግን አብዛኛውን ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል፤ አንድ ዓመት ሲሞላቸው ብዙ ሴቶች የወር አበባ ጨርሶ አያዩም።

እዚህ ላይ በየመንደሩ የሚነገር አንድ ፍርሃት አለ፤ «ያልወጣው ደም ሆድ ውስጥ ተጠራቅሞ በሽታ ይሆናል» ይባላል። አይጠራቀምም። የወር አበባ ደም በየወሩ ከሚወፍረውና ከሚረግፈው የማሕፀን የውስጥ ሽፋን የሚመጣ ነው፤ መርፌው ሽፋኑ እንዳይወፍር ስለሚያደርግ የሚረግፍ ነገር አይኖርም። ለደም ማነስ የተጋለጠች ሴትም ከዚህ ትጠቀማለች።

የሚቆራረጠው ደም ኑሮን ካወከ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ ባለሙያው የጨጓራ ሕመም እንደሌለብዎ ጠይቆ ለ5 ቀን የሚወሰድ ኢቡፕሮፌን ሊያዝልዎ ይችላል። ደሙ ከወትሮው በእጥፍ ከበዛ ወይም ከ8 ቀን በላይ በብዛት ከፈሰሰ፣ ወይም ለብዙ ወራት ከጠፋ በኋላ በድንገት ከበረታ ምርመራ ያስፈልጋል፤ መንሥኤው መርፌው ላይሆን ይችላልና።

ክብደት በዓመት ከ1 እስከ 2 ኪሎ ሊጨምር ይችላል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ የስሜት መለዋወጥና የግንኙነት ፍላጎት መቀነስም በአንዳንድ ሴቶች ላይ ይታያል። የመጨረሻውን ብዙዎች አፍረው አይናገሩትም፤ ለባለሙያው መንገር ተገቢ ነው፣ መከላከያ ለመቀየርም በቂ ምክንያት ነው። የዓይን ወይም የቆዳ ቢጫ መሆን፣ የአንድ እግር እብጠትና ሕመም፣ የደረት ውጋት፣ ከዕይታ መጋረድ ጋር የሚመጣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የተወጉበት ቦታ ማበጥና መምገል ሲታዩ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ዕለት ይሂዱ።

ስምንተኛ፦ ራስን በራስ መውጋት

ከቆዳ ሥር የሚሰጠው ሳያና ፕሬስ፣ በሚገኝበት ቦታ፣ ሥልጠና ወስዶ በቤት ሊወጋ ይችላል። መድኃኒቱ፣ ከረጢቱና አጭሯ መርፌ በአንድ ላይ ተሠርተው ስለሚመጡ መቅዳት አያስፈልግም። በማቀዝቀዣ አይቀመጥም፤ ፀሐይና ሙቀት ከማይደርስበት፣ ልጅም ከማይነካው ቦታ ይቀመጣል።

እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ በሆድ ላይ ከእንብርት ራቅ ብሎ ወይም በጭን ፊት ለፊት ቁስል የሌለበት ቦታ ይምረጡ። የውጭ ማሸጊያውን ከፍተው መርፌውን ያውጡና ለ30 ሰከንድ ያህል በኃይል ይነቅንቁት። ቀጥሎ መርፌዋን ወደ ላይ አድርገው፣ በክዳኑና በአንገቱ መካከል ያለው ክፍተት እስኪዘጋ ድረስ ክዳኑን አጥብቀው ይግፉት፤ ይህ ካልተደረገ መድኃኒቱ አይወጣም፣ ጀማሪዎችም በብዛት የሚስቱት ይህንን ነው። ክዳኑን ነቅለው ቆዳዎን በሁለት ጣት ቆንጠጥ ያድርጉ፤ መርፌዋን ወደ ታች አዘንብለው ሙሉ በሙሉ ያስገቡ፤ ከዚያም መድኃኒቱን የያዘውን ከረጢት ከ5 እስከ 7 ሰከንድ ቀስ ብለው ይጭመቁ። መርፌዋን አውጥተው ቆዳውን ይልቀቁ፤ አይሹት። ያገለገለውን መርፌ፣ ክዳን ባለው ጠንካራ ዕቃ ውስጥ ጨምረው በቀጠሮ ቀን ወደ ጤና ተቋሙ ይመልሱት እንጂ ከቤት ቆሻሻ ጋር አይጣሉት።

ዘጠነኛ፦ ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ ከሆነ

ወደ ዐረብ አገር ለሥራ የሚሄዱ እህቶች መርፌውን ከጉዞ በፊት ይወስዱና በሄዱበት ቀጣዩን ማግኘት ይቸግራቸዋል። ለዓመታት ለሚቆይ ጉዞ በክንድ የሚቀበረው፣ ኢምፕላኖን ለ3 ዓመት ወይም ጃዴል ለ5 ዓመት፣ የተሻለ ምርጫ ነው ብዬ አምናለሁ። መርፌውን መቀጠል የሚፈልጉ ግን የመድኃኒቱንና የመጠኑን ስም በእንግሊዝኛ፣ የተወጉበትን ቀንም በፈረንጆች አቆጣጠር ጭምር ያስጽፉ፤ በውጭ ያለ ሐኪም ኅዳርና ጥርን አይለይም።

በማያውቁት ቋንቋ የሚሰጥ ሕክምና ሁልጊዜ አስተርጓሚ ይፈልጋል። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የገቡ ሴቶች በቂ ማብራሪያ ሳይሰጣቸው መርፌውን እንደተወጉ እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ በቴሌቪዥን ተናግረው ነበር፤ በ2013 መጀመሪያም የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር፣ መድኃኒቱ የሚያስከትለውን መረዳቷ ለሚያጠራጥር ሴት ማዘዣው እንዳይታደስ ለጤና ድርጅቶች መመሪያ ሰጠ። የመንግሥት ተቆጣጣሪው በኋላ ሴቶቹ ስለመገደዳቸው ማስረጃ አላገኘሁም ቢልም፣ ማብራሪያ የመጠየቅ መብት የእያንዳንዷ ሴት ነው። «ይህ መርፌ ምንድን ነው? ለምን ያህል ጊዜ ይሠራል? ሌላ ምርጫስ አለኝ?» ብሎ በአማርኛ መጠየቅና በአማርኛ መልስ ማግኘት ይገባል።

ዐሥረኛ፦ ሲያቋርጡ

መርፌው አንዴ ከገባ አይወጣም፤ ማቋረጥ ማለት ቀጣዩን አለመውሰድ ነው። ጎንዮሽ ጉዳት ካለም እየደከመ የሚሄደው በጊዜ ነው። እርግዝና ስለማይፈልጉ ሌላ መከላከያ የሚጀምሩ ከሆነ፣ የመርፌው ቀጠሮ ከማለፉ በፊት ይጀምሩት። የወር አበባ ገና ስላልተመለሰ ብቻ ከእርግዝና የተጠበቁ ይመስላል፤ እንቁላል ግን ከወር አበባ ቀድሞ ሊወጣ ስለሚችል በዚህ ላይ መተማመን አይገባም።

ልጅ የሚፈልጉ ከሆነ ደግሞ ቀድመው ያቅዱ። ዲፖን ያቆሙ ሴቶች ሌላ መከላከያ ካቆሙት ይልቅ በአማካይ 4 ወር ያህል ዘግይተው ያረግዛሉ፤ ከመጨረሻው መርፌ እስከ እርግዝና ያለው ጊዜም በአማካይ 10 ወር ነው። መርፌውን ለአንድ ዓመት መውሰድም ሆነ ለአሥር ዓመት ይህንን ጊዜ አያራዝመውም። ስለዚህ በመጪው ዓመት መውለድ የምትፈልግ ሴት ዘንድሮ ማቆም ወይም ከወዲሁ ወደ ኮንዶም ወይም ወደ እንክብል መሻገር አለባት። ካቆሙ አንድ ዓመት እስኪሞላ እርግዝና ባይመጣ መደንገጥ አያስፈልግም፤ ከዚያ በላይ ሲዘገይ ወደ ሐኪም የሚኬደው ከባል ጋር ሆኖ ነው፤ ምርመራውም ለሁለቱም በአንድ ጊዜ ይጀመራል።